ስለ ኪሊማንጃሮ በረዶ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በአማርኛ «በረዶ» የማንለው የለም። ከሰማይ የሚወርደውም ጠጠር በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ የረጋውም በረዶ፣ ተራራ ላይ ለዘመናት ተጋግሮ የኖረውም በረዶ። የመጀመሪያው ስህተት ከዚሁ ይነሳል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

«ኪሊማንጃሮ ነጭ ሆኗል፣ በረዶው ተመለሰ!» ይህን የሚል ፎቶ በየጊዜው ፌስቡክ ላይ ይዞራል። ፎቶው ላይ የሚታየው ሌሊት የዘነበ ስስ በረዶ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። የበረዶ ግግር ሌላ ነገር ነው። በ1912 ወደ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። በ2011 ከ2 በታች ወርዷል።

«ሞቀ፣ ቀለጠ፣ አለቀ።» ይህ በጣም የተለመደው ነው፣ ግማሹም እውነት ነው። ግን የተራራው ጫፍ 5,895 ሜትር ላይ ነው። እዚያ አየሩ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች ነው። ታዲያ በረዶው በምን አለቀ? በፀሐይ። ፍሪዘር ውስጥ ለወራት የተረሳ በረዶ ጠብ ሳይል ሲያንስ አይታችሁ ይሆናል። እዚያም እንደዚሁ ነው፤ ብዙው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ይተናል።

የቦታው ቅርጽ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። አናቱ ሜዳ ነው፣ የግግሩ ጠርዝ ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ሰኔ አካባቢ ፀሐይ የሰሜኑን ግድግዳ ትመታለች፣ ታኅሣሥ አካባቢ የደቡቡን። በቆመ ግድግዳ ላይ አዲስ በረዶ አያርፍም። ስለዚህ የተበላው አይተካም፣ ግድግዳው በየዓመቱ ወደ ውስጥ ይሸሻል። የግግሩን ላይኛ ገጽ ደግሞ ከፀሐይ የሚከላከልለት አዲስ በረዶ ነው፣ ነጭ ስለሆነ ብርሃኑን ይመልሳል። በ1880 ገደማ የምሥራቅ አፍሪካ አየር ደረቀ፣ የቪክቶሪያ ሐይቅ እንኳ ጎደለ። የሚዘንበው በረዶ ሲያንስ አሮጌው፣ ጠቆር ያለው ይጋለጣል፣ ሙቀቱንም ይጠጣል።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ሌላ ስህተት ውስጥ ይገባል፦ «እንግዲያው የዓለም ሙቀት የለበትም!» አይደለም። በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ወዳሉት የሩዌንዞሪ ተራሮች ሂዱ። እዚያ ደመናና ርጥበት የተለመደ ነው፣ ግግሮቹም ከኪሊማንጃሮ አናት ዝቅ ብለው ነው ያሉት። እንዲህ ባለ ቦታ የአየሩ ሙቀት ጥቂት ሲጨምር ቅልጠቱ ይበረታል፣ በረዶ ሊሆን የነበረውም ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። በ1906 ከ6 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የነበረው ግግር በ2003 ወደ 1 ገደማ ወርዶ ነበር። ሁለቱም ምድር ወገብ አጠገብ ናቸው፣ በረዷቸው ግን የሚያልቀው በተለያየ መንገድ ነው። የአንዱን ተራራ ምክንያት ለሌላው መስጠት አይሠራም።

«በረዶው ካለቀ ወንዞቹ ይደርቃሉ» የሚለውም የተጋነነ ነው። ለኪሊማንጃሮ ምንጮች ዋናው ጫፉ ሳይሆን ከታች ያለው ደን የሚያገኘው ዝናብ ነው። እኔ ብሆን ስለ ደኑ ነው የምሰጋው።

«በዚህ ዓመት ያልቃል» ብሎ መቁረጥም አያዋጣም። በ2002 የወጣ ጥናት ከ2015 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ያልቃል ብሎ ነበር። 2020 አለፈ፣ የተወሰነው አሁንም አለ። ይህ ማለት ግን መጥፋቱ ቆሟል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ቁራጭ ከሌላው ይልቅ ይቆያል፤ ውፍረቱ፣ ጥላው፣ የተቀመጠበት ቦታ ይለያዋል።

የመጨረሻው የኛው ነው፦ «የኢትዮጵያ ተራሮች የበረዶ ግግር አያውቁም።» ያውቃሉ። የባሌ ተራሮችም የስሜን ተራሮችም በበረዶ ዘመን ግግር ነበራቸው። ዛሬ ራስ ዳሽን ላይ የሚወርደው በረዶ አይቆይም፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ቢሆንም እዚህ ለግግር የሚበቃ ከፍታ አይደለም። በባሌ ተራሮች ግን ግግሩ ገፍቶ ያመጣው የድንጋይ ክምር ጫፉ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር እስካሁን ያሳያል።