ከፊልም ሥራ መልስ አልበም መቅዳት፦ ለተበታተነ ሮክ ባንድ

የሮክ ባንድ አባላት በየፊልሙ ሥራ ተበታትነው ሲከርሙ አልበም የሚጓተተው ዜማ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል። አንዱ የፊልም ማጀቢያ ሲያቀናብር፣ ሌላው ሲተውን ቆይተው ሲገናኙ የአንዱ ፋይል ከሌላው ጋር አልገጥም ይላል። ስለዚህ ከመለያየታችሁ በፊት መስማማት ያለባችሁ ነገር አለ።

ቀዳሚው ሳምፕል ሬት ነው፤ ይህም ድምፅ ወደ ዲጂታል ሲለወጥ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የፊልም ድምፅ በ48 ኪሎኸርዝ ይሠራል፤ ሲዲ ግን በ44.1 ነው። በ48 የተቀዳ ጊታር ሳይለወጥ በ44.1 ከተከፈተ በ8 በመቶ ገደማ ይንቀራፈፋል። የ4 ደቂቃ ዘፈን 4 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ይፈጃል፤ በደቂቃ 120 የነበረው ምት ወደ 110 ይወርዳል፤ ቅኝቱም የአንድ ሙሉ ቶን ሦስት አራተኛ ያህል ይዘቅጣል። እዚህ ላይ ጊታሩን ወደ ታች ቃኝቶ የሚቀጥል ሰው ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ሁላችሁም በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት (የእያንዳንዱ ልኬት ዝርዝርነት) ቅዱ፤ ወደ ሌላ መለወጥ ካስፈለገ መጨረሻ ላይ፣ በማስተሪንግ (የተዋሃደው ዘፈን ለስርጭት በሚዘጋጅበት) ጊዜ፣ አንዴ ብቻ ይለወጥ።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዘፈን መሪ ቅጂ አዘጋጁ፦ ክሊክ (ምቱን የሚቆጥር ድምፅ)፣ ኮርዱን የያዘ ጊታር እና ለጊዜው የተዘፈነ ድምፅ። የምቱን ፍጥነት ቁጭ ብላችሁ በዝግታ እያንጎራጎራችሁ አትወስኑ። ቆማችሁ፣ ግጥሙን ሙሉ ድምፅ እየዘፈናችሁ፣ በ2 ወይም በ3 ምት ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ድምፃዊው ትንፋሽ የሚያጥረው የት እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ማንኛውም ፋይል ከዘፈኑ መነሻ፣ ከሁለት ባር ቆጠራ ጋር ይጀምር፤ ስሙም የዘፈኑን ቁጥር፣ ምቱን፣ ቅኝቱን (ኪይ) እና ቀኑን ይያዝ። የምትላላኩት በዌቭ (ሳይታመቅ በሚቀመጥ የድምፅ ፋይል) ይሁን። ኤምፒስሪ ሲታሸግ መነሻው ላይ ጥቂት ጸጥታ ስለሚጨምር ንብርብሩ በሚሊሰከንዶች ይንሸራተታል፤ ከበሮና ቤዝ ላይ ደግሞ ይህ ወዲያው ይሰማል።

አንድ ላይ የምትሆኑባቸው ጥቂት ቀናት ለከበሮና ለቤዝ ይዋሉ። ጊታርም ሆነ ድምፅ በየቤቱ ሊቀዳ ይችላል፤ ከበሮ ግን ሰፊ ክፍል፣ ብዙ ማይክራፎንና ዓይን ለዓይን መተያየት ይፈልጋል። ለ10 ዘፈን 5 ቀን ያዙ፦ የመጀመሪያው ለተከላና ለቅኝት፣ ሦስቱ ለቀረጻ፣ የመጨረሻው ለመጠባበቂያ። የከበሮውን ቆዳ አንድ ቀን ቀድማችሁ ቀይሩ፤ አዲስ ቆዳ እየተለጠጠ ስለሚላላ በየዘፈኑ መሃል እንደገና መቃኘት አለበት። የድምፁ መጠን በአማካይ ከዜሮ (ከዲጂታል ድምፅ ጣሪያ) በታች 18 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፤ ጫፉም ከዜሮ በታች 6ን አይለፍ። በ24 ቢት ዝቅ ብሎ የተቀዳ ይነሣል፣ ጣሪያ ነክቶ የተሰበረ ግን አይጠገንም።

ጊታር በቤት ሲቀዳ ከአምፕሊፋየሩ ድምፅ ጎን ለጎን በቀጥታ ከገመዱ የመጣውንም ንጹሕ ድምፅ ያዙ፤ ስቱዲዮ ስትገቡ በሌላ አምፕሊፋየር መልሶ ማጫወት ይቻላል። በፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅመው የሳምፕል ብዛት) ሲቀዱ 128 ይሁን፣ ሲሚክሱ (ድምፆቹን ሲያዋህዱ) ወደ 1024 ከፍ ይበል፤ ሲቀዱ ከበዛ ራስን በጆሮ ማዳመጫ ዘግይቶ መስማት ምቱን ያስታል።

ድምፃዊው ተዋናይ ከሆነ ድምፁን ለመጨረሻ አታቆዩት። ፊልም ካለቀ በኋላም ለድጋሚ ቀረጻ ሊጠራ ይችላል፤ ጩኸት ከበዛበት ትዕይንት ማግሥትም ጉሮሮው ማረፍ አለበት። ማይክራፎኑን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አርቁ፤ ልብስ የሞላው ቁም ሣጥን ፊት ለፊት መቆም የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል።

የተረፈ የፊልም ዜማ ወደ አልበሙ ከማምጣታችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። ለፊልም ተከፍሎበት የተጻፈ ሙዚቃ በብዛት የአምራቹ ንብረት ነው። በተገላቢጦሹም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሬዲዮሄድ ጊታሪስት ጆኒ ግሪንዉድ እ.ኤ.አ. በ2007 ለወጣው «ዘር ዊል ቢ ብለድ» የሠራው ማጀቢያ ቀድሞ የተሠራ ሙዚቃ ስላለበት ለኦስካር ውድድር ብቁ አልሆነም።

ቀረጻው በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፤ አንዱ ከስቱዲዮው ውጭ ይሁን፤ ወደ ፊልም ሥራው የሚመለስ ሰው ብቸኛውን ሃርድ ዲስክ ይዞ አይጓዝ።