ልጆችንና ተማሪዎችን የሚጎበኝ ውሻ እንዴት ይዘጋጃል፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

በእኛ አገር የውሻ ሥራ ግቢ መጠበቅ ነው። ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ እንግዳ ሲያይ ይነሣል፤ ጎበዝ የሚባለውም በዚሁ ነው። ትምህርት ቤት ሄዶ ልጆችን የሚያጫውት፣ ፈተና ያስጨነቀውን ተማሪ የሚያረጋጋ ውሻ የሚፈለግበት ተቃራኒው ነው፦ የማያውቀው ሰው ሲቀርበው ተረጋግቶ መተኛት፣ መዳበስ፣ ሲበቃው ደግሞ ሳያጉረመርም ተነሥቶ መሄድ። መታዘዝ በሥልጠና ይመጣል፤ ሰው መውደድ ግን አይመጣም። ስለዚህ ዓመታት በሰንሰለት ታስሮ ዘበኛ የሆነውን ውሻ ለዚህ ሥራ አታድክሙት።

የሚመረጠው ቢያንስ 1 ዓመት የሞላውና ከእናንተ ጋር 6 ወር የኖረ ውሻ ነው። ቡችላ ያምራል፤ ግን ጥርሱን ያሳክከዋል፣ ይዘላል፣ ሽንቱን አይቋጥርም። ዝርያ አታማርጡ፤ የአገራችን ውሻ በቂ ነው። መጀመሪያ እንዲህ ፈትኑት፦ ውሻው የማያውቀው፣ ጋቢ የተከናነበና ዱላ የያዘ ጎልማሳ ከ10 ሜትር ቀስ ብሎ ይምጣ። ገመዱ እንደላላ ውሻው ወገቡን እያወዛወዘ ከቀረበ ጥሩ ነው። ከኋላችሁ ከተደበቀ በልምምድ ሊሻሻል ይችላል። ድንገት ደርቆ፣ አፉን ገጥሞ ካፈጠጠ ግን ተዉት፤ ከሚጮኸው ይልቅ የሚያሰጋው ይኸኛው ነው።

ማጎንበስና ድንጋይ

ውሻ ሁሉ ከልጅነቱ የሚማረው አንድ ነገር አለ፦ ሰው ካጎነበሰ ድንጋይ ሊያነሣ ነው። ክፍል ውስጥ ደግሞ ልጆች ሲያጎነብሱ ይውላሉ፤ እርሳስ ይወድቃል፣ የጫማ ማሰሪያ ይፈታል። «ውሻዬ ያለ ምክንያት ደነበረ» ከሚሉት ብዙዎቹ ይህን ያላለማመዱ ናቸው።

ከ5 ሜትር ርቀት ጀምሩ። እጃችሁን ወደ ጉልበታችሁ ብቻ ዝቅ አድርጉና ውሻው ከመሸማቀቁ በፊት ጉርሻ ወርውሩለት። በአንድ ጊዜ 10 ጊዜ ያህል፣ በቀን ሁለቴ ይበቃል። ጆሮው ወደ ኋላ መተኛቱን ሲተው መሬት እስክትነኩ ዝቅ በሉ፤ ቀጥሎ እርሳስ አንሡ፤ ከዚያ ርቀቱን ወደ 1 ሜትር አጥብቡ፤ በመጨረሻ የቤታችሁ ልጅ እንዲሁ ያድርግ። ሦስት አራት ሳምንት ይፈጃል። ሰው ሲያጎነብስ «ጉርሻ መጣ» ብሎ ጅራቱን እስኪቆላ ድረስ ትምህርት ቤት አትውሰዱት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ርቀቱንና ዝቅታውን በአንድ ቀን አብሮ በመጨመር ነው።

ደወሉም እንዲሁ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ደወሉ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ ውሻ ጆሮ ላይ ይፈነዳል። ድምፁን መጀመሪያ ከግቢው አጥር ውጭ በሩቁ አስሙት፣ ወዲያው ጉርሻ ስጡት፣ በየቀኑ ጥቂት ቅረቡ። ጅራፍና ርችትን ማለማመድ ግን አትሞክሩ፤ በቡሄና በመስቀል ሰሞን ጉብኝት አይኑር።

ለጉርሻ ከበሶ የሚሻል አላገኘንም። ጨውም በርበሬም ሳይገባበት በለብ ያለ ውሃ ጠንከር አድርጎ ማሸትና የሽምብራ ፍሬ በሚያህል መጠን ማድቦልቦል ነው። እጅ አያቀባም፣ በጾም ሰሞንም ክፍል ውስጥ ሥጋ ይዞ ከመግባት ያድናል። ወጥና የልጆች ምሳ ዕቃ ግን ክልክል ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካም መርዝ ናቸው። «ተወው» የሚለውን ትእዛዝ ከሁሉ በፊት የምታስተምሩት ለዚህ ነው።

ጤናው

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ ውሻ ልጆች አጠገብ አይደርስም። የመጀመሪያው ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በክትባቱ ዓይነት በሚወስነው መሠረት ይቀጥላል። የመጀመሪያውን ከወሰደ 28 ቀን ሳይሞላው አትውጡ፤ መከላከያው እስኪዳብር ጊዜ ይፈልጋል። የክትባቱን ካርድ ኮፒ ለርእሰ መምህሩ ስጡ፣ ዋናውን ያዙ።

ሰው የሚዘነጋው ትሉን ነው። መንዝን ጨምሮ በግ በሚታረድበት አገር ሁሉ፣ በበዓል ቀን ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ሲገኝ ቆርጦ ለውሻ መጣል የተለመደ ነው። ውስጡ ያለው ውሻ አንጀት ገብቶ ጥቃቅን የኮሶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩም ላይ ይቀራል። ልጁ ይዳብሳል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እባጩ ልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ ለውሻችሁ ጥሬ የሆድ ዕቃ በጭራሽ አይሰጥ፤ ቢያንስ 40 ደቂቃ እየፈላ ይቀቀል ወይም ውሻ በማይቆፍርበት ጥልቀት ይቀበር። ፕራዚኳንቴል የሚባለው የኮሶ ትል መድኃኒት የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው መሠረት በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ለ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ውጭ ወጥቶ የሚለቅም ከሆነ በየ6 ሳምንቱ ይደገማል። ከመድኃኒቱ በኋላ ለሁለት ቀን ዓይነ ምድሩን እየለቀማችሁ ቅበሩ።

የጉብኝቱ ቀን

ከርእሰ መምህሩ የጽሑፍ ፈቃድ፣ ከወላጆች ፊርማ አስቀድማችሁ ያዙ። አስም ወይም የጸጉር አለርጂ ያለባቸውን፣ ውሻ የሚፈሩትን፣ ውሻ የነከሳቸውንም ጠይቁ። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና በዙሪያቸው ሙስሊም ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ የውሻ ምራቅ የነካው ልብስና እጅ ለሶላት መታጠብ እንዳለበት ልጆቹም ያውቃሉ። መላስ የሚወድ ውሻ እንግዲህ መጀመሪያ ይህን ይተው፤ መንካት የማይፈልግ ልጅም አንድ እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ማንበብ ይችላል። ማንም አይገደድም።

እጠቡት፣ ጥፍሩንም ከርክሙ፤ ሁለቱም በዋዜማው ይሁኑ። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ወይም ማታ ውሻ አይታጠብም፤ ፀሐይ ሲሞቅ በለብታ ውሃ አጥባችሁ በፎጣ አድርቁት። ቆላ ስትወርዱ ችግሩ ሌላ ነው፦ የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ 7 ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ የውሻውም መዳፍ ይቃጠላል። በጣርማ በር ጠመዝማዛ የምትወርዱ ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ባሉት 4 ሰዓታት አታብሉት፤ ያስመልሰዋል። ሠፈር ውስጥም ቢሆን እስከ በሩ በባጃጅ ሂዱ። መንገድ ላይ ከተሰበሰቡ ውሾች ጋር ተፋጥጦ የገባ ውሻ ቀኑን ሙሉ አይረጋጋም።

1.5 ሜትር የጨርቅ ገመድና ደረት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ያዙ። ሰንሰለት ይቅር፤ ድምፁ ብቻ «ይናከሳል» ያሰኛል። የራሱ ምንጣፍም ያስፈልገዋል፤ ምንጣፉ በተነጠፈበት ሁሉ መተኛት እንዳለበት ቤት ውስጥ አስለምዱት። የመንዝ ባና ይሞቃል፣ ግን አይመረጥም፤ በቶሎ አይታጠብም፣ ቁንጫም ይደብቃል። በፈላ ውሃ የሚታጠብ የጥጥ ጨርቅ ይሁን።

ክፍል ውስጥ ውሻው ከግድግዳ ይጠጋ፣ በሩ ወገን ባዶ ይሁንለት። በአንድ ጊዜ ከ4 ልጅ በላይ አይቅረብ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 10 ደቂቃ ይበቃል። ልጆቹ አይሮጡም፤ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ውሻው ራሱ ይመጣል። ከአናቱ በላይ እጅ አይሰነዘርም፤ ትከሻውና ደረቱ ይዳበሳል። ማቀፍና ፊትን ማስጠጋት ክልክል ነው፤ ልጆች ፊታቸው ላይ የሚነከሱት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

አንድ ዘዴ ለልጆቹም ለእናንተም አስተምሩ። ልጁ 3 ሰከንድ ዳብሶ እጁን ያንሣ። ውሻው ከተጠጋ ወይም በአፍንጫው እጁን ከገፋ «ድገም» ማለቱ ነው። ፊቱን ካዞረ ወይም ዝም ካለ «በቃኝ» ማለቱ ነው፤ ዝምታውን እንደ እሺታ አትቁጠሩት። ሳይበላ ከንፈሩን መላስ፣ ሳይደክመው ማዛጋት፣ የዓይኑ ነጭ መታየት፣ ሳይረጥብ ሰውነቱን ማራገፍ የጭንቀት ምልክቶች ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ በሐምሌ የሚያለከልክ ውሻ ሞቆት አይደለም። ከእነዚህ ምልክቶች ሁለቱን ካያችሁ ይዛችሁት ውጡ። ቢያጉረመርም አትቆጡት፤ በማጉረምረሙ የተቀጣ ውሻ በሚቀጥለው ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ማንበብ ለሚቸግረው ልጅ ጉብኝቱ ለብቻው ይሁን። በአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ልጆች ለውሻ የሚያነቡበት ፕሮግራም መላው ብልሃት ይኸው ነው፦ አድማጩ አያርምም፣ አይስቅም። ልጁ ከውሻው ጎን ተቀምጦ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያንብብ፤ እናንተም ፊደል ሲሳሳት አትቅደሙት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ከባዱ ነገር ስልክ ነው፤ ለፎቶ ጉንጭ ለጉንጭ መግጠም ይፈልጋሉ። ስልኩ ኪስ ይግባ። በፈተና ሰሞን ሰልፉ ቢረዝምም ከ1 ሰዓት በላይ አትቆዩ። ሲጨርሱ ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ውሻው ከነከሰ ወይም ጥርሱ ቆዳ ከሸነተረ፣ ክትባት ወስዷል ብላችሁ አትዘናጉ። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ልጁን በዚያው ቀን ጤና ተቋም አድርሱ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክትባቱ ግን ይቅደም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ውሻውን ወዲያው መግደል ስሕተት ነው። ለብቻው ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው።

በሳምንት አንድ ጉብኝት ይበቃል፤ ከሁለት አይለፍ። ቤት ሲደርስ ውሃ ስጡትና ተዉት፤ ብዙ ሰዓት ይተኛል። በሚቀጥለው የጉብኝት ቀን ምንጣፉን ስታነሡ በር ላይ ከቀደማችሁ መልካም ነው። አልጋ ሥር ከገባ ግን ያን ቀን ለትምህርት ቤቱ ደውላችሁ አንመጣም በሉ።