አቅራቢውን ዘግይቶ መጥራትና ሌሎች ስህተቶች

በመሠረተ ልማት ሥራ ይህን አይቼ አይቼ መሮኛል። ዲዛይኑ ያልቃል፣ ይጸድቃል፣ በጀት ይያዝለታል። ከዚያ አቅራቢው ይጠራና «አብረን እንሥራ» ይባላል። ምኑን? ሁሉም ነገር ተወስኗል እኮ! የትኛው ፓምፕ መለዋወጫው ከገበያ ሊወጣ እንደተቃረበ የሚያውቀው አምራቹ ነው። የትኛው ተገጣጣሚ ኮንክሪት በመኪና ተጭኖ እንደማይሄድም እንዲሁ። ዲዛይነሩ ይህን ሁሉ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ መጠየቅ ግን አለበት። ያየሁት አንድ የፓምፕ ጣቢያ ሞተሩ ለጥገና የሚወጣበት በር አልነበረውም። ግድግዳ ተሰብሮ ነው የወጣው። የጥገና ቴክኒሻኖቹ ሥዕሉን ቀድመው ቢያዩት ኖሮ ወዲያው ይናገሩ ነበር። እባካችሁ፣ አቅራቢውንም የጥገና ክፍሉንም ሥዕሉ ገና ሊቀየር በሚችልበት ጊዜ ጥሯቸው። አቅራቢው ለሚሰጠው ምክርም ክፈሉት፤ በነጻ የተጠየቀ ሰው ዋናውን ነገር ለጨረታው ያስቀምጠዋል።

በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ መርጦ ትብብር መጠበቅም አያዋጣም። ያለ ትርፍ የገባ ተቋራጭ የጎደለውን የሚሞላው በለውጥ ሥራ ጥያቄ፣ ማለትም ከውሉ ውጪ ተቀየረ በሚለው ሥራ ተጨማሪ ክፍያ በመጠየቅ ነው። ንብረቱ እስኪያረጅ የሚያስወጣውን የጥገናና የኃይል ወጪ መምረጫው ውስጥ አስገቡ።

ክፍያ ላይ ደግሞ ለዋና ተቋራጩ ከፍሎ ዘወር ማለት አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የፈረሰው የብሪታንያው የግንባታ ተቋራጭ ካሪሊየን አቅራቢዎቹን እስከ 120 ቀን ያስጠብቅ ነበር። ሲወድቅ ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ገንዘባቸው ሳይከፈላቸው ቀረ። ንዑስ ተቋራጮች በቀጥታ የሚከፈሉበት የፕሮጀክት የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ደመወዝ መክፈል ያቃተው ሰው ስለ ትብብር ሊሰማችሁ አይችልም።

የመጨረሻው ርክክብን እንደ ሥነ ሥርዓት ማየት ነው። በለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ተርሚናል 5 ግንባታ የማረፊያው ባለቤት ኩባንያ ቢኤኤ የግንባታውን ስጋት ራሱ ተሸክሞ ተቋራጮቹን በአንድ ቡድን አሠራ። ግንባታውም በጊዜውና በበጀቱ አለቀ። ሆኖም እ.ኤ.አ. መጋቢት 2008 በተከፈተበት ቀን የሻንጣው ሥራ ተመሰቃቅሎ በረራዎች ተሰረዙ። ሠራተኞቹ በቂ ሥልጠና አላገኙም፣ ሙከራውም በቂ አልነበረም። ስለዚህ የሥልጠናና የሙከራ ጊዜ ግንባታው ሲዘገይ የሚበላ ትርፍ ቀን አይሁን። የእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥር፣ የዋስትና ጊዜና የጥገና መመሪያም በማን፣ መቼና በምን ቅርጽ እንደሚቀርብ ከመጀመሪያው በውሉ ይጻፍ።