ስኳሩ እንዳይጣመም፦ ግላይኮፕሮቲን (ስኳር የተያያዘበት ፕሮቲን) ለምትሞዴሉ

ባሕር ዳር መብራት ሳይጠፋብኝ ቶሎ የማየው አስፓራጂኑን፣ ማለትም ስኳሩ የሚያያዝበትን አሚኖ አሲድ ነው። ከእሱ ሁለተኛው ቦታ ላይ ሴሪን ወይም ትሪዮኒን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ከሌሉ፣ ወይም መሃል ፕሮሊን ከገባ፣ ስኳር ለመትከል አትቸኩሉ።

ካለ፣ የመጀመሪያው ስኳር ኤን-አሴቲልግሉኮስአሚን ነው፤ ትስስሩ ቤታ (ቤታና አልፋ የስኳር ትስስር ሁለት አቅጣጫዎች ናቸው)። ኩት (Coot) በተባለው የሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ ስትጨምሩ የስኳሩን ባለ ሦስት ፊደል ኮድ እዩ። ኤንኤጂ (NAG) ቤታው ነው፣ ኤንዲጂ (NDG) አልፋው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ማኖስም ቤታ ነው፤ ኮዱ ቢኤምኤ (BMA)። ቀጣዮቹ ማኖሶች አልፋ ናቸው።

ቀለበቱ 4ሲ1 የተባለውን የወንበር ቅርጽ ይያዝ። እንደ ጣና ታንኳ ጀልባ ከሆነባችሁ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሞዴሉ ነው። በ3 አንግስትሮም የጥራት ደረጃ አካባቢ ዴንሲቲው (አተሞቹ የት እንዳሉ የሚያሳየው የሙከራ ካርታ) ደብዛዛ ስለሆነ ሪፋይንመንቱ፣ ማለትም ሞዴሉን ከካርታው ጋር የማስማማቱ ስሌት፣ ቀለበቱን ያጣምመዋል። የቶርሽን (የትስስር መዞሪያ ማዕዘን) ገደብ ጨምሩ፣ ከዚያ ፕራይቬቲር (Privateer) በተባለው የስኳር መፈተሻ ሶፍትዌር ፈትሹ። ዴንሲቲ የሌለውን ስኳር አትጨምሩ፣ በቃ።