ከካታሎግ ክፍል ወደ ጆርናል፦ የመጀመሪያ ጥናታችሁን እንዴት ታሳትማላችሁ?

ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ ያለ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካታሎግ የምትሠሩ ከሆነ፣ ምርምር የስድስት ኪሎ ሰዎች ሥራ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። አንባቢ መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ ለምን ፈልጎ እንዳጣ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ ትንሽ ችግር ያዙ። «የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት ተግዳሮቶች» ዓይነት ርዕስ ማለቂያ የለውም፤ ይቅርባችሁ። ይልቅ ኮሃ በሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር መፈለጊያ ላይ «ፀሐይ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀጥሎ «ጸሀይ»። ውጤቱ ከተለያየ ርዕስ አገኛችሁ ማለት ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ እየተቀላቀሉ ስንቱ መጽሐፍ ከአንባቢ እንደሚደበቅ መቁጠር ራሱን የቻለ ጥናት ነው። ዘመኑም አለ። በ2010 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በፈረንጅ 2017 ወይም 2018 ነው። ዝም ብሎ 2010 ተብሎ ከገባ፣ ዝርዝሩ በዓመት ሲደረደር ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል።

ከዚያ አለቃችሁን አስፈቅዱና ቁጠሩ። የአማርኛ መጻሕፍቱን መዝገብ ከኮሃ ሪፖርት አውጥታችሁ ኤክሴል ላይ አድርጉት። ሁሉም ከበዛባችሁ በየአሥሩ አንድ ውሰዱ። እንዴት እንደመረጣችሁ ግን ያኔውኑ ጻፉት፤ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። መብራት ድርግም ማለቱ አይቀርምና ፍላሽ ላይም ቅጂ ይኑራችሁ።

ስትጽፉ ከሠንጠረዡና ከአሠራሩ ጀምሩ። መግቢያው ኋላ ይደርሳል፤ አብስትራክቱ፣ ማለትም የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ፣ መጨረሻ።

ጆርናል መምረጥ ላይ አትቸኩሉ። «ካታሎጊንግ ኤንድ ክላሲፊኬሽን ኳርተርሊ» ለዚህ ሙያ የቆመ ነው። የአፍሪካን ጆርናሎች ለማየት «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» የሚባል ድረ ገጽ አለ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» እያለ ኢሜይል ልኮ፣ ከፍላችሁ በሳምንት እንደሚያትምላችሁ የሚምል ካለ ግን ዝለሉት። ፕሮፌሰር አለመሆናችሁን እንኳ አላጣራም።

ስማችሁንም አስቡበት። የፈረንጅ ፎርም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የአባት ስም እንጽፋለን፣ ጥናቱም በአባት ስም ይጠቀሳል። የላቲን አጻጻፉን አንዴ ወስኑና አትለዋውጡት። አንዱን ተመራማሪ ከሌላው የሚለየውን፣ በነፃ የሚገኘውን ባለ 16 አሃዝ የኦርኪድ (ORCID) መለያ ቁጥርም አውጡ። ስም ማስተካከል እንጀራው የሆነ ሰው የራሱን ስም በሦስት ዓይነት ቢጽፍ ያስቃል።

አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለአንድ ጆርናል ብቻ ላኩ። አስተያየት ሲመጣ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ በአንዱ የገምጋሚው ቃል፣ በሌላው ያደረጋችሁት። ያልተስማማችሁበት ካለ ምክንያቱን በጨዋነት ጻፉ። ውድቅ ካደረጉት አርሙና ለሌላ ላኩ።

ተቀባይነት ሲያገኝ ውሉን አንብቡ። የተቀበሉትን ቅጂ በኮሌጃችሁ ማኅደር ማስቀመጥ የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው። መዝገቡን መሥራት መቼም ለእናንተ አይነገርም።