ሳይክል ስትነዱ ስንት ካሎሪ ታቃጥላላችሁ? ስልኩን ከማመናችሁ በፊት ራሳችሁ አስሉት

አፑ «900 ካሎሪ አቃጥለሃል» ቢላችሁ ቶሎ አትደሰቱ። መጀመሪያ ነገር፣ ክብደታችሁን ጠይቋችኋል? ካልጠየቀ የማያውቀውን ሰው ጉልበት ነው የሚገምተው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ክብደታችሁን፣ ፍጥነታችሁንና ፔዳል የመታችሁበትን ሰዓት ካወቃችሁ የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል። መብራት ላይ የቆማችሁበትንና ከጓደኛ ጋር ያወራችሁበትን ግን ቀንሱ።

ሜዳ ላይ እንጀምር። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ «ሜት» የሚባል ቁጥር አለ። ዝም ብሎ መቀመጥ 1 ነው። በሳይክል በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በታች ቀስ እያሉ መንዳት 4፣ ከ16 እስከ 19 ከሆነ 6.8፣ ከ19 እስከ 22 ከሆነ 8፣ እስከ 25 ከደረሰ ደግሞ 10 ገደማ። ይህን በኪሏችሁ፣ ከዚያ በሰዓት አባዙት።

ባሕር ዳር ላይ አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ለ45 ደቂቃ ነዳ እንበል። 6.8 × 70 × 0.75 = 357 ካሎሪ (ምግብ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ማለት ነው)። ግን ሰውየው ሶፋ ላይ ቢቀመጥም በዚያው 45 ደቂቃ 50 ያህል ያወጣ ነበር። ሳይክሉ የጨመረለት 300 ገደማ ብቻ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ የምታሰሉ ከሆነ የሚጠቅማችሁ ይሄኛው ቁጥር ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 126 ካሎሪ አካባቢ አለው።

አዲስ አበባ ላይ ግን ይሄ ስሌት ገደል ይገባል። ዳገቱን በሰዓት 8 እየተንፏቀቃችሁ ስትወጡ ሠንጠረዡ ሽርሽር ላይ ያላችሁ ይመስለዋል፣ እናንተ ትንፋሽ አጥሯችኋል። ቁልቁለቱን ደግሞ ፔዳል ሳትነኩ በ40 ስትወርዱ ጀግና ያደርጋችኋል። ስለዚህ ዳገት ላይ ፍጥነቱን ተዉትና ከፍታውን ያዙ።

አቋራጩ ይኸውና፦ የራሳችሁንና የሳይክላችሁን ኪሎ ደምሩ፤ በየ100 ሜትር ከፍታ በግምት ያንኑ ያህል ካሎሪ ታወጣላችሁ። 70 ኪሎ ሰው ከ12 ኪሎ ሳይክል ጋር 82 ነው። 82 ኪሎን 100 ሜትር ወደ ላይ ማውጣት 80 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። ከሰውነታችን ጉልበት ፔዳል ላይ የሚደርሰው ሩብ ወይም ትንሽ ያነሰ ነው፣ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። አንድ ካሎሪ ደግሞ 4.2 ኪሎ ጁል ስለሆነ ሩቡና 4.2ቱ ይጠፋፋሉ፤ ኪሎ ጁሉና ካሎሪው በቁጥር ተቀራራቢ ይሆናሉ። ከመስቀል አደባባይ እንጦጦ አናት ድረስ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ አለ፤ ዳገቱ ብቻውን ከ400 ካሎሪ በላይ ነው ማለት ነው። ለጎማው ፍትጊያና ለአየሩ ትንሽ ጨምሩበት። ለቁልቁለቱ ግን ምንም አትጨምሩ፣ ፍሬን መያዝ ስፖርት አይደለም።

ገንዘብ ያለው ዋት የሚለካ ፔዳል ይግዛ፣ ከሁሉም የሚታመነው እሱ ነው። 150 ዋት ለአንድ ሰዓት 540 ኪሎ ጁል ነው፣ ወደ 540 ካሎሪም ነው። የልብ ምት የሚቆጥረውን ሰዓት ግን በጥርጣሬ እዩት፤ ሙቀትም፣ ቡናም፣ ከኋላ ጡሩንባ የሚነፋ ሚኒባስም ልብ ያስመታል። ሞተር ያለው የኤሌክትሪክ ሳይክል ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለው የፍጥነትና የከፍታ ስሌት አይሠራላችሁም።