ሳትመዝኑ «ሙሉ ነው» አትበሉኝ

ሥራዬ ባሕር ዳር ውስጥ ሆቴል ለሆቴል መዞር ነው። የድራፍት ጋዝ እገጥማለሁ፣ እሳት ማጥፊያ እፈትሻለሁ። በድራፍቱም፣ በአንዱ ዓይነት ማጥፊያም ሲሊንደር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከአፋችን የሚወጣው፣ አምቦ ውሃን የሚያፈላው፣ ጠላ ሲብላላ ከጋኑ የሚወጣውም እሱው ነው። ሰው ስለለመደው ይንቀዋል። በየሆቴሉ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ሳይመዝኑ «ሙሉ ነው» ማለት። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። የዱቄቱ እሳት ማጥፊያ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አለው፤ ቀስቱ አረንጓዴው ላይ ካለ እሰየው። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን የለውም። ስንቱ ጥበቃ ነው «ጌጁ ወልቋል፣ ግጠምልን» ያለኝ! አልወለቀም፣ ድሮም የለውም። ውስጡ ያለው በግፊት ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ነው። ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ግፊቱ አይቀንስም፤ ሞላም ጎደለም በ20 ዲግሪ 57 ባር አካባቢ ነው። የድራፍቱ ጌጅም በዚሁ ምክንያት ይሸውዳችኋል። ትናንት ሙሉ መስሎ ያደረው፣ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ጢም ባለበት ሰዓት ቀጥ ይላል። መላው ሚዛን ነው። የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጿል፤ መዝኑና እሱን ቀንሱ።

አንድ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል የመብራት ቦርዱ ተያያዘ። ልጁ ሮጦ ማጥፊያውን አነሳ፣ ፒኑን ነቀለ፣ ጨመቀ። ፍስስ አለና ዝም። ደግነቱ ሌላው ልጅ ቆጣሪውን አጥፍቶ ስለነበር እሳቱ ከሰመ። ሳጣራ ለካ አስተናጋጆቹ መብራት በጠፋ ቁጥር ቢራ ያቀዘቅዙበት ኖሯል! ማቀዝቀዙንስ ያቀዘቅዛል፣ አልዋሽም።

ጡሩምባውን፣ ማለትም ጋዙ የሚወጣበትን የማጥፊያውን ሰፊ አፍ፣ በባዶ እጅ መያዝ። ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ጋዙ ሲወጣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የደረሰ በረዶ ይሆናል። ጀማሪ ሳለሁ አለቃዬ ፊት ጎበዝ ለመምሰል ጨብጬው መዳፌ ተላጠ። እጀታውን ያዙ።

ሲሊንደሩን በሚያዝያ ፀሐይ ባጃጅ ላይ ጭኖ ምሳ መብላት። ከ31 ዲግሪ በላይ ውስጡ ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም፤ ግፊቱ ያሻቅባል። ጥላ ፈልጉለት።

ሲሊንደሩን ደረጃ ሥር ያለች እቃ ቤት ውስጥ መቆለፍ። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 5 ኪሎ ጋዝ በባሕር ዳር ከፍታ ከ3 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። እቃ ቤቷ 10 ሜትር ኩብ ብትሆን የአየሩን ሩብ ያህል ያዘ ማለት ነው። 10 በመቶው ብቻ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ያስታል። ጋዙ ሽታ የለውም። ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ስለሚከብድም ወለሉ ላይ ይተኛል። አንዷ እቃ ቤት ጠባቂ ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማት ነበር። እናቷ ጠበል ሊወስዷት ተዘጋጅተዋል። የሳሙና ውሃ መጋጠሚያው ላይ ስቀባ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። በሩን ከታች ክፍት አድርጉት፤ የሳሙናውን ነገር በየሳምንቱ ሞክሩት። ሰው ወድቆ ካያችሁ ደግሞ ዘላችሁ አትግቡ። ሁለተኛው ሬሳ ብዙ ጊዜ ሊያወጣ የገባው ነው። ሻማ አብርቶ መፈተሽም አያዋጣም፤ ሻማው ሳይጠፋ ሰው ሊታመም ይችላል።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚጠይቀኝ አይጠፋም፦ «እንደ ካሜሩኑ ሐይቅ ጣናም ይተፋ ይሆን?» የኒዮስ ሐይቅ በ1986 እ.ኤ.አ. ያጠራቀመውን ጋዝ ለቆ 1,700 ያህል ሰው ገድሏል። ኒዮስ ግን ከ200 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ጣና ጥልቅ በተባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋሱ ሲያማስለው ስለሚውል ጋዝ አይጠራቀምበትም። በሰላም ታንኳችሁን ቅዘፉ።

የከሰልን ጭስ ከዚህኛው ጋር ማምታታት። ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደውን ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ቢያንስ ቁና ቁና ያስተነፍሳል፣ ሰውነት ይጮኻል። ሞኖክሳይዱ ግን ደም ላይ ከኦክስጅን 200 እጥፍ በላይ ተጣብቆ ዝም ብሎ ያስተኛል።

የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማጥፊያ የተያያዘ መጥበሻ ላይ መርጨት። ግፊቱ የጋለውን ዘይት ግድግዳው ላይ ይበትነዋል። ምድጃውን አጥፉ፣ ክደኑት፣ እስኪበርድ አትክፈቱት።